ዳገት ላይ የምትግለው ኮሮላ

ገቢሳን ሳያውቅ ካዛንቺስ ኖሬያለሁ የሚል ሰው ካለ፣ ወይ መኪና ኖሮት አያውቅም ወይ ይዋሻል። ከአምቦ አጎቱን ተከትሎ የመጣው ገና ጢሙ ሳያጎነቁል ነው። ሞተር መፍታት ያስተማረው ሽማግሌ መካኒክ ክፉ ሰው ነበር፤ ሲሳሳት በካቻቢቴ እጀታ ጣቱን ይለው ነበር። ከዚያ ሁሉ ምት የተረፈችው ግን አንዲት ቃል ናት፤ ፋብሪካው ያስገባውን ዕቃ አያስፈልግም ብለህ አትጣል። ገቢሳ ይህችን ቃል እንደ ዳዊት እየደገመ ነው እዚህ የደረሰው። ሰፈሩ ፈርሶ ጋራዡ ወደ ቂርቆስ ሲዛወር እንኳ ደንበኛው አልቀረበትም። ሰው ከከተማ ዳር እየተነሳ፣ በየመንገዱ ያለውን ጋራዥ ሁሉ እያለፈ፣ መኪናውን ለገቢሳ ያመጣል። ስም ማለት እንግዲህ ይኸው ነው።

ይህ ሰው ታዲያ በዚህ ክረምት ለማንም ያልነገረው ፍርሃት ይዞት ነበር። ታላቅ ወንድሙ ዋቅቶላ አምቦ አለ። አለ ይባል እንጂ፣ የገዛ ልጁን እያየ "አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?" ይላል። የጀመረው በትንሽ በትንሹ ነው፤ መጀመሪያ በር መዝጋት ረሳ፣ ቀጥሎ የጎረቤቱን ስም፣ እያለ እያለ ሁሉም ጠፋው። ገቢሳ ሰኔ ላይ ሊጠይቀው ሄዶ፣ እዚያው ሰንብቶ ከተመለሰ ወዲህ ራሱን እንደ ሌባ መጠበቅ ጀመረ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ መነጽሬን ያያችሁ ሲል ሰው ይስቃል። እሱን ግን ላብ ያጠምቀዋል። በደም የሚወረስ ነገር ቢሆንስ? ማን ያውቃል!

ተስፋለም ኮሮላውን እንፋሎት እያስተፋ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ተስፋለም ታክሲ ነጂ ነው፤ ለገቢሳ ግን ደንበኛ ብቻ አይደለም። የበኩር ልጁን ክርስትና ያነሳለት ገቢሳ ነው፤ አበልጆች ናቸው። ካዛንቺስ ሳሉ ግድግዳ ለግድግዳ ኖረው፣ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይማርህ ሲል ነው ያረጁት። አሁን ተስፋለም ጎተራ ኮንዶሚኒየም ገብቷል።

"ወንድሜ፣ ሙቀቱ አበደብኝ" አለ ገና ከመኪናው ሳይወርድ።

"የት ላይ ነው የሚጨምርብህ?"

"ዳገት። በተለይ ሰው ከጫንኩ። ከመስቀል አደባባይ ወደ ካዛንቺስ ሳቀና መርፌው ቀይ ላይ ቁጭ ይላል።"

"ሜዳ ላይስ?"

"ሜዳ ላይማ ምን አለባት! በቃ እንደ ሙሽራ ነው የምትሄደው።"

ገቢሳ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን አስነሳ፤ ቆሞ ጠበቀ። መርፌው መሀል ላይ ደረሰና ቀጥ አለ። ነዳጅ ሰጣት፤ መርፌው ንቅንቅ የለም። ማራገቢያው በሰዓቱ ይነሳል፣ በሰዓቱ ይቆማል። ከዚህች መኪና የበለጠ ጤነኛ ሞተር በከተማው የለም የሚያሰኝ ነበር። ተያይዘው ዳገቱን ሲወጡ ግን መርፌው ሽቅብ ተስፈነጠረ፤ ከኮፈኑ ሥር የሚንተከተክ ድምፅ መጣ። ወደ ጋራዡ መልሰው ቢያስነሷት ደግሞ ያችው ጨዋ መኪና ናት።

"ጉድ እኮ ነው!" አለ ገቢሳ፤ ከልቡ ነው ያለው።

ራዲያተሩን አውርዶ አጠበው። የውሃ ፓምፑን ፈታው፤ ጥርስ የመሰለ ደህና ፓምፕ ነው። ቀበቶውን ቀየረ፣ የራዲያተሩን ክዳን ቀየረ። የሞተሯ ጭንቅላት ተሰንጥቆ እንደሆን ብሎ ውሃው ውስጥ አረፋ ፈለገ፣ ዘይቱ ውስጥ ውሃ ፈለገ፤ የለም። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ኮፈን ከፍተህ ከቆምክ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሐኪም ነው። አንዱ የጭንቅላቷ ጓርኒሲዮን ተበልቶ ነው ይላል፣ አንዱ ቤንዚኑ ተቀላቅሎ ነው ይላል፤ ቦርሳ ያንጠለጠሉ አንዲት እናት እንኳ ቆም ብለው "ልጄ፣ ዓይን ገብቷት ይሆናል" ብለው አልፈዋል። ገቢሳ ሁሉንም አዳመጠ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አይደል የሚባለው? ግራ ገባው፣ ቀኙም ገባው።

አንዲት ያልነካት ቦታ ቀርታ ነበር። ተርሞስታት የምትባል የእንቁላል አስኳል የምታህል ዕቃ አለች። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ትዘጋለች፣ ሲሞቅ ትከፈትና ውሃውን ወደ ራዲያተር ትለቀዋለች። በዚች ሞተር ላይ ደግሞ ሌላም ሥራ አላት፤ የጋለው ውሃ በአቋራጭ ወደ ሞተሩ ተመልሶ እንዳይገባ መንገዱን ትደፍናለች። እሷ ከሌለች ውሃው አቋራጩን ይወዳል፤ ሜዳ ላይ ጉዳቱ አይታወቅም፤ ጭነትና ዳገት ሲመጣ ጉዱ ይወጣል። የከተማችን መካኒክ ታዲያ ይህችን ዕቃ ካየ እጁን ይበላዋል። "ይሄ ለፈረንጅ አገር ብርድ ነው!" ብሎ አውጥቶ ይጥላታል፤ ባለመኪናውም መርቆት ይሄዳል። ገቢሳ እንዲህ ያለውን ሲሰማ ደሙ ይፈላል።

እና ለምን አስቀድሞ አላያትም? ራሱ ስላስገባት ነዋ! ከፋሲካ በፊት፣ አዲስ ገዝቶ፣ በገዛ እጁ። ላስቲኳን በአውራ ጣቱ እያሽከረከረ ማስቀመጡን እንኳ ያስታውሰዋል። እዚያ ላይ ችግር መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መስሎት ነበር። ሌላው ሁሉ ሲያልቅበት ግን ብሎኖቹን ፈታ፣ ክዳኑን አነሳ፣ ጣቱን ሰደደ።

ባዶ።

በባትሪ አብርቶ አየ። ባዶ ነው። የክዳኑ ዙሪያ ቀይ የሲሊኮን ማጣበቂያ ተለቅልቆበታል። ገቢሳ ቀይ ሲሊኮን ተጠቅሞ አያውቅም። ወይስ ያውቃል? ከፋሲካ በፊት ጥቁሩ አልቆበት ይሆን? ያ አውራ ጣቱ ላይ የተሽከረከረው ላስቲክስ የሌላ መኪና ቢሆንስ? ባሰበው ቁጥር ያች ትዝታው እየደበዘዘች ሄደች። ጎማ ላይ ቁጭ አለ።

አመሻሹ ላይ ተስፋለም ሲመጣ፣ እንደ ዋዛ አስመስሎ ጠየቀው። "ስማ፣ እኔ አምቦ ሳለሁ ይህችን መኪና ሌላ ሰው ነክቷታል?"

ተስፋለም ወደ መንገዱ ዞር አለ። "ማን ይነካታል? ካንተ ሌላ ለማን ልሰጥ! አበልጅ አይደለን እንዴ?"

አለቀ። ገቢሳ ባዶ መሆኑን አልነገረውም፤ አፍሮ። አዲስ ተርሞስታት አስገብቶ፣ መኖሯን ደጋግሞ ዳስሶ፣ ክዳኑን ገጠመ። በማግስቱ ኮሮላዋ ዳገቱን ሰው ሞልታ ወጣችው፤ መርፌው መሀል ላይ እንዳለ ነው። "እጅህ ይባረክ! እንዳንተ ያለ የለም እኮ!" እያለ ተስፋለም በስልክ ጮኸ። ገቢሳ ስልኩን ከጆሮው አራቀው።

ያን ቀን ለምሳ ቤቱ ሄደ፤ የማያደርገውን። ሚስቱ ቡዜ ገና ከበሩ ስታየው ደነገጠች።

"ቡዜ፣ ጀመረኝ።"

"ምኑ?"

"የዋቅቶላ ነገር።"

"አፍህን ቁረጠው! ምን ሆንኩ ብለህ ነው?"

ነገራት። እሷም ሰው ይረሳል፣ እኔም ጨው ረስቼ ወጥ ሠርቼ አላውቅም ወይ አለችው። ሊሰማት አልቻለም። "ቡዜ፣ ያንቺ ጨው ሰው አይገድልም" አለ። ባለፈው የአንድ ሚኒባስ ፍሬን ሠርቷል፤ ተማሪ የሚያመላልስ ሚኒባስ። ከቤቱ እየሮጠ ወጥቶ የሚኒባሱን ባለቤት ፈልጎ አገኘውና ጎማዎቹን በሙሉ አስወልቆ እያንዳንዷን ብሎን በእጁ ዳሰሰ። ሁሉም ጥብቅ ነው። ደስ ሊለው ሲገባ ባሰበት፤ የዛሬው ጥብቅ ቢሆን የነገው ምን ዋስ አለው? በዚያው ጋራዡን ቆለፈ። ለጠየቀው ሁሉ አሞኛል አለ፤ ምንህን ሲሉት ወሬ ይለውጣል። ቡዜ ሐኪም ቤት እንሂድ ብትለው እንቢ አለ። የፈራውን ነገር በሐኪም አፍ መስማት አልፈለገም። ስንት ሞተር ያስነሳ ሰው መስኮት ሥር ተቀምጦ የገዛ እጁን ሲያይ ይውላል። አንጀት ይበላ ነበር።

ወሬው ጎተራ ደረሰ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ተስፋለምና ሚስቱ ለተሚካኤል ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁት መጡ። ለተሚካኤል ሽንገላ የማታውቅ፣ ልቧ ያለውን ምላሷ የሚለው ሴት ናት፤ ገና እንደገባች "ጋሽ ገቢሳ፣ ምነው በጠላትዎ! ምን አገኘዎት?" ብላ አጠገቡ ተቀመጠች። ተስፋለም በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ አረፈ።

ገቢሳ ተነስቶ ቆመ፤ ሲቆም ተስፋለምም ግራ ገብቶት አብሮ ተነሳ።

"ተስፋለም፣ በድዬሃለሁ" አለ። "ከፋሲካ በፊት ተርሞስታት አስገብቻለሁ ብዬ መኪናህን አስረከብኩህ። አላስገባሁም። ባዶውን ነው የገጠምኩት። ክረምቱን ሙሉ ያቃጠለህ የኔ እጅ ነው። ሞተርህ ዳገት ላይ ነክሶ ቢቆም ኖሮ፣ አንተንም ሰውንም ልፈጅ ነበር። ጋራዡንም የዘጋሁት ለዚሁ ነው፤ እንደ ወንድሜ እየሆንኩ ነው፣ አእምሮዬ እየከዳኝ ነው። ደፍሬ ልነግርህ አልቻልኩም ነበር። በልጅህ ስም ይቅር በለኝ።"

ቡዜ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ተስፋለም ፊት ላይ የፈሰሰውን ላብ ሁሉም ያየዋል። አሁን ይናገራል ስትል ጉሮሮውን ጠረገና፣

"ኧረ ተው... ሰው አይደለህ እንዴ... ማን የማይሳሳት አለ" አለ። "በቃ፣ ይቅር ብያለሁ። ለሁላችንም ይቅር ይበለን።"

"ምን አልክ?" ለተሚካኤል ከመቀመጫዋ ተስፈንጥራ ተነሳች። "ይቅር ብያለሁ አልክ? አንተ ሰው፣ እግዜርን አትፈራም?"

"ለተ፣ ተዪ..."

"አልተውም! ጋሽ ገቢሳ፣ ምንም አልረሱም! እርስዎ አምቦ ሳሉ ቱቦዋ አፍስሶ መንገድ ላይ ቆማበት ነበር። እኛ ሕንጻ ሥር ያለው መካኒክ ነው ቱቦውን ቀይሮ፣ ያችንም ዕቃ አላስፈላጊ ናት ብሎ አውጥቶ የጣላት። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ንገረው ብለው፣ 'አበልጄ ሌላ ጋ ሄድክ ብሎ ይቀየመኛል፣ በምን ዓይኔ አየዋለሁ' እያለ እኔንም አፌን ያዘኝ። የታመሙት በዚህ መሆኑን መቼ አውቄ! ወይኔ!"

ገቢሳ ፊቷን እያየ ቀረ። "ቆይ፣ ቆይ። አውጥቶ ጣላት ነው ያልሽው? ነበረች ማለት ነው?"

"ነበረች እንጂ! አዲስ፣ የምታብለጨልጭ።"

"በዓይንሽ አይተሻታል?"

"በእነዚህ ዓይኖቼ!"

"ቡዜ!" አለ ገቢሳ፤ ድምፁ ጎረቤት ድረስ ተሰማ። "ቡዜ፣ ሰማሽ? አስገብቻት ነበር እኮ! አልረሳሁም!" ቡዜ እያለቀሰች እልልታዋን አቀለጠችው። እሱም ያለቅሳል፣ ይስቃል፤ አንዴ ለተሚካኤልን ይስማል፣ አንዴ ሚስቱን። ተስፋለም መሬት ላይ ተንበርክኮ "ይሉኝታ ነው ወንድሜ፣ ይሉኝታ ነው የገደለኝ" ይላል። ገቢሳ ክንዱን ይዞ አነሳው፤ ጉንጩንም ሳመው። አሁንማ ታረቁ፣ ነገሩ አበቃ ብለው ሴቶቹ ትንፋሻቸውን ለቀቁ።

ገቢሳ ግን የያዘውን ክንድ አልለቀቀም። ፊቱ ላይ ያ የጋራዡ ግራ መጋባት ተመልሶ መጣ። የቁጣ መልክ የለበትም፤ ጨርሶ ያልገባው ሰው መልክ ነው።

"ሌላ ጋ መሄድህስ ገብቶኛል" አለ ቀስ ብሎ። "መደበቅህም ገብቶኛል፤ አፍረህ ነው። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፣ ተስፋለም። አሁን ይቅር ብያለሁ ስትለኝ፣ ምኔን ነበር ይቅር ያልከኝ?"

ተስፋለም ወደ ሚስቱ አየ። እሷም አንገቷን ደፍታለች። ገቢሳ መልሱን ለመስማት ክንዱን እንደያዘ ቆመ።