ለአርፋጇ የተናዘዝኩት ሰዓት

እኔ ቁጭ ማለት አልችልም። ታክሲ ሰልፍ ላይ እንኳ ከፊቴ ያለው ሰው ዞር ብሎ "እህቴ፣ ምነው?" እስኪለኝ ድረስ እግሬ አያርፍም። እናቴ "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" እያለችኝ ነው ያደግሁት። ካፈሰስኩት ሁሉ ግን ልለቅመው የሞከርኩት አንዱን ብቻ ነው፤ እሱንም በደንብ መልቀሜን እንጃ።

አስራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፣ እዚሁ ልደታ። በኛ ትምህርት ቤት ተፈታኞች ከመውጣታቸው በፊት ለሚቀሩት ይናዘዛሉ። ቀልድ ነው። ኑዛዜው በእረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ ይነበባል፣ ግቢው ሁሉ ይስቃል። ዓመቱን ሙሉ ማይኩን የያዝኩት እኔ ስለነበርኩ ጸሐፊዋም አንባቢዋም እኔ ሆንኩ። በየሳምንቱ አርብ የአርፋጆችን ስም የማነበውም እኔው ነበርኩ።

ከአርፋጆቹ አንደኛዋ የድሮ የዴስክ ጓደኛዬ ነበረች። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ተቀምጠናል፤ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥም ብሎካችን ፊት ለፊት ነው። አስራ አንደኛ ክፍል ሳለን እናቷ ከደረጃ ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። አራተኛ ፎቅ ድረስ ውሃ የምታወጣው እሷ፣ ሐኪም ቤት የምታመላልሳቸው እሷ። ፈተና አመለጣትና ደገመች። እኔ አለፍኩ።

ድሮ ጠዋት ጠዋት የምንገናኘው እነሱ ደረጃ ሥር ነበር፣ አንድ ሰዓት ላይ። ያን ዓመት ግን በብሎኩ ጀርባ፣ በልብስ ማስጫው በኩል ሹልክ ማለት ጀመርኩ። ክፍል ሲለያይ ወሬም ይለያያል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ውሸቴን ነው። ፈርቼ ነው። ከደገመች ጋር ከዋልኩ መውደቅ የሚጋባብኝ መሰለኝ፤ ሲጻፍ እንዴት ያሳፍራል! ግቢ ውስጥ ፊት ለፊት ስንገጣጠም ደግሞ "ውይ፣ ዛሬ ቸኩዬ እኮ ነው፣ ነገ ጠብቂኝ" እላታለሁ። በነጋታውም ያው በልብስ ማስጫው በኩል ነኝ።

እሷ ማርፈድ ጀመረች። እናቷን እያስታመመች ነው ብዬ ደመደምኩ። እንደዚያ ብዬም ግን ስሟን ከማንበብ አልተመለስኩም። አንድ አርብ አራዳ ነኝ ብዬ "የአርፋጆች ሊቀመንበር" አልኳት፤ ግቢው ፈነዳ። ስሙ እዚያው ላይዋ ላይ ቀረ።

ፍርድ ቤቱ ቅርባችን ስለሆነ በኛ ትምህርት ቤት ኑዛዜ ከደብተር ላይ አይነበብም። የፍርድ ቤቱ በር ላይ በጃንጥላ ሥር ከሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች አንዱ ጋ ተወስዶ በወጉ ይተየባል። እኔ የሄድኩባቸው ሽማግሌ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው "ሟች ማን ነው?" አሉኝ።

"ማንም አልሞተም ጋሼ። ልንፈተን ነው።"

"እንግዲያው ኑዛዜ አይባልም የኔ ልጅ። በሕይወት ያለ ሰው የሚሰጠው ስጦታ ነው። ስጦታ ደግሞ ተቀባዩ 'ተቀብያለሁ' ካላለ አይጸናም።"

ቀልድ ነው ብላቸው ወይ ፍንክች! እኔ እግሬን እያንቀጠቀጥኩ "ቶሎ ይበሉልኝ" እላለሁ፤ እሳቸው ከእያንዳንዱ ስጦታ ሥር ለተቀባዩ ፊርማ ቦታ ያሰምራሉ። መጨረሻ ላይ ለአራት ምስክርም አሰመሩ።

አርብ ዕለት አነበብኩት። ለዘጠነኛ ክፍሎች ካንቲኑ ጋ የእርጥብ ሰልፍ ላይ ያለንን ተራ። ለአስራ አንደኛ ክፍሎች የመጨረሻውን ረድፍ ወንበር ከነማስቲካው፣ የፊዚክስ መምህራችንን ቁጣ ሳይሸራረፍ። ወራሹ እየተጠራ ወደ ማይኩ ይመጣና "ተቀብያለሁ!" ይላል፤ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ከዚያ የሷ ተራ ደረሰ። "ለአርፋጆች ሊቀመንበር፣ አምስት ደቂቃ የሚቀድመውን የእጅ ሰዓቴን። በጊዜ ባትመጣበትም ስንት እንዳረፈደች ታይበታለች።"

ሰዓቱን የምሬን ነበር ልሰጣት ያሰብኩት። እሑድ ጠዋት አውቶቡስ ለፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ሊወስደን ነው፤ እንደተኳረፍን መሄድ አልፈለግሁም። ይቅርታ ማለት ቢያቅተኝ ቀልድ ውስጥ ከተትኩት።

መጣች። ማይኩን ከእጄ ወሰደች። ረጋ ብላ "አልቀበልም" አለችና መለሰችልኝ። ከኋላ አንድ ሰው አፏጨ። የቀረውን እንዴት አንብቤ እንደጨረስኩ አላስታውስም።

ቅዳሜ አላስቻለኝም፣ ቤታቸው ሄድኩ። እሷ የለችም፤ ወደ ተክለ ሃይማኖት ተልካለች። እናቷ ናቸው የከፈቱልኝ፣ ያለ ክራንች በእግራቸው ቆመው።

"እትዬ፣ ዳኑ እንዴ?"

"ከዳንኩማ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ተመስገን፣ መስከረም ላይ ክራንቹንም ጥያለሁ።"

"ታዲያ እሷ... ማርፈዷ ለርስዎ ብላ አልነበረም?"

የበሩን እጀታ እንደያዙ አዩኝ። "ለኔ? እሷማ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ትወርድ ነበር። ከበረንዳ አያታለሁ፣ ደረጃው ሥር ቆማ አንቺን ትጠብቃለች። ሂጂ እንጂ ስላት 'ጠብቂኝ ብላኛለች' ትለኛለች። እስከ ጥምቀት ድረስ እንዲህ ነበረች። በኋላ ስም ወጣላት፤ ብታረፍድም ባታረፍድም አንድ ሆነባት።" በሩን ሊዘጉ ሲሉ "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ ልጄ" አሉኝ፣ በቁጣ ሳይሆን በሐዘን።

እንዴት ከደረጃው እንደወረድኩ አላውቅም። በየሳምንቱ ስሟን ሳነብ፣ ያረፈደችው እኔን ስትጠብቅ ነበር። ዳግም ልሂድ አልኩ፣ አፈርኩ። ልደውል አልኩ፣ ምን ልላት ነው?

እሑድ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሻንጣዬን ይዤ ደረጃቸው ሥር ቆምኩ። አውቶቡሱ የሚነሳው አንድ ሰዓት ነው። ስትወርድ ይቅርታ እላታለሁ፣ በቃ። አስራ ሁለት ተኩል ሆነ፤ የለችም። ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ ሻንጣዬን እዞረዋለሁ። አንድ ሰው በወረደ ቁጥር ብድግ እላለሁ፤ ጎረቤት ነው። አንድ ሰዓት ሊሆን አስር ደቂቃ ሲቀረው ስልኬ መጮህ ጀመረ፣ አላነሳሁትም። እሷ ስንቱን ጠዋት እንዲህ ቆመች! አንድ ሰዓት ሞላ። አለቀስኩና ሮጥኩ።

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ሾፌሩ ጥሩምባ ያሰማል፣ ልጆቹ በመስኮት ይጮኻሉ። ከአውቶቡሱ ፊት እጇን አጣጥፋ የቆመች ልጅ ከመምህሩ ጋር ትከራከራለች፦ "አንዷ ቀርታለች አልኩ እኮ! ሳትመጣ አልነሳም!"

እሷ ናት። ለካ እኔ ሳልደርስ ማልዳ በልብስ ማስጫው በኩል ወጥታለች፤ ደረጃው ሥር መቆሜንም እናቷ ከበረንዳ አይተው ደውለውላታል።

"መጠበቅ እንዴት ነው?" አለችኝ።

"ይቅርታ" አልኳት። ዓመቱን ሙሉ ያቃተኝ ቃል እያለከለክኩ ወጣ። "እናትሽ ነገሩኝ። ይቅርታ።"

እጇን ዘረጋች። ሰዓቱን ፈትቼ አሰርኩላት፤ ማሰሪያውን ሁለቴ ስቼዋለሁ።

"ተቀብያለሁ" አለች። ከመስኮቱ አንዱ "ምስክር ነን!" ብሎ ጮኸ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። እሷ ቀጠለች፦ "ይቅርታውን ግን ገና አልተቀበልኩም። እሱን ስትመለሺ እናያለን። በይ ግቢ፣ አርፋጅ!"

አውቶቡሱ ሲነሳ ተንጠራርቼ አየኋት። አንገቷን ደፍታ የሰዓቱን ቁልፎች ትጫናለች፤ አምስቷን ደቂቃ ወደ ኋላ እየመለሰች ነበር።