ፍንጭት ጎማ

ባለፈው ሳምንት ከንፋስ መውጫ ገበያ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና ከአንድ ብስክሌት ጠጋኝ ደጃፍ ተጠለልኩ። የነሐሴ ዝናብ ነው፤ ጥላ እስክዘረጋ እንኳ አልጠበቀኝም። የቆርቆሮውን ጩኸት እያዳመጥኩ ሳለ አንድ አስተማሪ የሚመስል ወጣት ብስክሌቱን እየገፋ መጣና፣ «ፍንጭት ጎማ አለህ? ጭቃው አላሳልፍ አለኝ» አለው። ጠጋኙም ምንም ሳይደንቀው ከግድግዳው ላይ አንዱን አወረደለት። እኔ ግን እዚያው እንደቆምኩ ብዙ ክረምት ወደ ኋላ ሄድኩ።

ያኔ የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ከከተማው ራቅ ያለ ቀበሌ ተመድቤ ነበር። አስፋልት የሚባል ነገር በስም እንጂ በዓይን አናውቅም። ከተማ ካለው ቤቴ እስከ ከብት ክሊኒኩ መጀመሪያ ጠጠር መንገድ፣ ቀጥሎ ውሃ ያቆረ መስክ፣ መጨረሻ ላይ ጥቁር ዋልካ አለ። ሴት ልጅ ብስክሌት ስትነዳ ያየ ሁሉ የየራሱን ይላል፤ እኔም ሰምቼ እንዳልሰማሁ አልፋለሁ። ደግሞ መልስ ለመስጠት መቆም ያስፈልጋል፤ ዳገት ላይ ከቆምኩ ማን ያስነሳኛል?

እነዚያ ጠዋቶች አሁንም በሕልሜ ይመጣሉ። ጉሙ መስኩ ላይ ተኝቷል፤ የባቄላው አበባ ከእርጥብ አፈር ጋር ይሸታል፤ የገብሱ ማሳ ብቅ ይልና መልሶ ይጠፋል። አንዳንዴ እኔም ብስክሌቷም የሌለን፣ የጎማው ሽውታ ብቻ የቀረ ይመስለኝ ነበር። ከኪሴ የገብስ ቆሎ እየዘገንኩ፣ ክረምቱ ባያልቅ ምን ነበር እላለሁ። ከዚያ ዋልካው ይደርሳል፤ ሕልሙም እዚያ ላይ ያበቃል።

የበጋው ጎማዬ ስስና ልሙጥ ስለነበር በእርጥብ ጠጠር ላይ ደጋግሞ ጣለኝ። ስለዚህ ክረምቱ ሲገባ ወፍራም፣ ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ ጎማ ገጠምኩ። ጥርስ የበዛለት ጭቃውን ቆንጥጦ ያልፋል ብዬ ነበር። ዋልካው ግን በየጥርሱ መሐል ተሰግስጎ፣ ከላይ ካለው የጭቃ መከላከያ፣ ከፓራፋንጎው ጋር ተጣብቆ ጎማውን ቀጥ ያደርገዋል። ብስክሌቷ እኔን መሸከሟ ቀርቶ እኔ እሷን ተሸክሜ ክሊኒክ እደርሳለሁ። ገበሬዎቹ ከብቶቻቸውን ለግጦሽ ከማሰማራታቸው በፊት ለማሳከም በማለዳ ነው የሚመጡት፤ እኔ ሳረፍድ ሳይታከሙላቸው ይመለሳሉ።

ኃላፊዬ ክፉ ሰው አልነበረም። «ከእንግዲህ ካረፈድሽ እዚያው ቀበሌው ውስጥ ቤት ተከራይተሽ ትቀመጫለሽ» አለኝ። እውነቱን ነው። የጨነቀኝ የእናቴ ነገር ነበር። ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፤ ከእኔ በቀርም ሰው የላትም። በገዛ ቤቷ ውስጥ ማየት እንደተሳናት ማንም አያውቅባትም፤ ማድጋውንም፣ የጨው ዕቃውንም፣ የበሩን መወርወሪያም በእጇ ታውቃቸዋለች። ሌላ ቤት ብወስዳት ያኔ ነው ዓይኗ የሚጠፋው። ትቻት ብሄድስ ሌሊቱ እንዴት ይነጋላታል? ይህን እያሰብኩ መንገድ ላይ አለቅስ ነበር፤ ዝናብ ስለሆነ ማንም አያውቅብኝም።

በፍልሰታ ጾም አንድ ቀን ዋልካው መሐል ቆሜ ጭቃውን በእንጨት ስፈቀፍቅ ቄስ አዳሙ ላማቸውን እየነዱ ደረሱብኝ። የቀበሌው ቄስ ናቸው፤ ጨዋታ ይወዳሉ።

«ምነው ዶክተር፣ ምን ገጠመሽ?»

«ጎማው ጭቃ ጎርሶ አልሄድ አለኝ፣ አባ።»

ጎንበስ ብለው አዩት። «ይኸ ጾም የማያውቅ ነው! እንዲያው ጎረሰ ጎረሰና መዋጡ ቸገረው።»

የሆዴን ብሶት ይዤ ሳቅሁ። ያን ቀንም አረፈድኩ።

በመመለሻዬ ወደ ጋሽ ይመር ጎራ አልኩ፤ በከተማችን ብስክሌት የሚጠግነው እሱ ነበር። ያሉትን ጎማዎች አሸክሞኝ፣ «ቤትሽ ሆነሽ ምረጪ» ብሎ ሰደደኝ። አንዱ ልሙጥ ነው፤ አንዱ ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ አንዱ ደግሞ መካከለኛ ሆኖ ጥርሱ የተራራቀ፣ ለእኔ ያለቀ የመሰለኝ ነው። እናቴ ቅቅል ድንች በአዋዜ አቅርባልኝ እየበላሁ የቄሱን ጨዋታ ነገርኳት። እጇን ጠረገችና፣ «እስቲ ወዲህ በያቸው» አለች።

ልሙጡን ዳሰሰችው። «ይኸ ድድ ብቻ ነው።» ሁለተኛውን ዳሰሰችው። «ይኸ ደግሞ ጥርሱ ተደራርቧል፤ የጎረሰው በየት ይውጣለት?» ሦስተኛው ላይ ጣቷ በየክፍተቱ ገባ፣ ወጣ። ፊቷ በራ።

«አንቺ! ይኸ እኮ ፍንጭት ነው!»

«ያረጀ ነው፣ እማዬ።»

«ወዲያ! አባትሽ ምኔን አይቶ የመጣ መሰለሽ?» አለችና በፊት ጥርሶቿ መሐል ያለውን ክፍተት እያሳየች ሳቀች። ዓይኗ ከተጋረደ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም ነበር።

ጎማውን ገጠምኩት፤ ፓራፋንጎውንም ፈትቼ ጣልኩት። በማግስቱ ካፊያ ነበር። ጠጠሩን ያዘልኝ፤ መስኩንም አለፈልኝ። ዋልካው ላይ ትንፋሼን ውጬ ገባሁ። ጭቃው በየክፍተቱ ይገባና ጎማው ሲዞር ተፈናጥሮ ይወጣል፤ ጀርባዬን፣ አንገቴን፣ ነጠላዬን ይለስነኛል። እኔ እስቃለሁ። ቄስ አዳሙን መንገድ ላይ አልፌያቸው ስሄድ፣ «ጾመኛ አገኘሽ!» ሲሉ ከጉሙ ውስጥ ተሰማኝ።

የቀረውን ክረምት ሁሉ ከቤቴ አደርኩ። እናቴ የብስክሌቷን ድምፅ ከሩቅ ለይታ በሩን ትከፍትልኛለች። እስክታርፍ ድረስም ከዚያች ቤት አልወጣችም። ያን ጊዜ ጎማውን ፍንጭት ማለቷን ለጋሽ ይመር ብነግረው ሳቁ አልቆም አለው፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩ በዚያው ያለፈ መስሎኝ ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ ጠጋኙን፣ «ይህን ጎማ ፍንጭት ብሎ የሰየመው ማነው?» አልኩት።

«ማን ይሰይመዋል፣ እትዬ? ድሮም ስሙ ነው» አለኝ፣ ጎማ መንፋቱን ሳያቆም።

እናቴ ናፈቀችኝ። ወጣቱ ጎማውን አስገጥሞ ወደ ጭቃው መንገድ ታጠፈ፤ ከኋላው ያ ፍንጭት በእርጥቡ መሬት ላይ እየታተመ ቀረ። እንዳልረግጠው በዳር በዳሩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።