ከባልዲው አጠገብ ማን ይተኛ?

የያዙኝ ጭሮ ውስጥ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ነው። የጠመኔው ዱቄት ከጣቴ ሳይለቅ እስር ክፍሉ ውስጥ ከተቱኝ። መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነበር። በሩ ጥግ የሽንት ባልዲ፣ ከግድግዳው ላይ አንዲት ጠባብ መስኮት፣ መሀሉ በጎን በጎኑ የተደረደረ ሰው።

ያኔ የምንበዛው እኛ አማርኛ ተናጋሪ የከተማ ሰዎች ነበርን። ካቦውም፣ ማለትም መኝታ የሚደለድለው የእስረኞች አለቃ፣ የኛው ሰው፣ አንድ ባለሱቅ ነበር። አስም እንዳለብኝ ስነግረው መስኮቱ ሥር አስተኛኝ። ከገጠር የመጡት ኦሮሞዎች ባልዲው አጠገብ ነበሩ።

ከዚያ ከሚኤሶና ከበደሳ በመኪና ሰው ይመጣ ጀመር። ሳናስበው ኦሮሞዎቹ በዙ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አዲስ ካቦ ምረጡ ተባልንና እጅ ሲወጣ ከበደሳ የመጡ ቡና ገበሬ ሽማግሌ ተመረጡ። ባለሱቁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «በቃ፣ አለቀልን። ከእንግዲህ ባልዲው የኛ ነው» አለኝ። ፈራሁ፣ ምን ይደበቃል። እዚያ ጥግ ካደርኩ ትንፋሼ እንደሚያጥር አውቀዋለሁ።

ሽማግሌው ቀጥ ብለው ወደኔ መጡ።

«መምህር፣ አንተ ቅርጫ ገብተህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ፣ ኦቦ።»

«ስጋው ተመድቦ ሲያልቅስ?»

«ዕጣ ይጣላል።»

«መኝታውንም እንደዚያ ነው የምናደርገው።»

«እስላምና ክርስቲያን አንድ ቅርጫ ገብቶ አያውቅም እኮ» አልኳቸው።

«እሱ ስጋ ነዋ። መኝታ ምን ሃይማኖት አለው?»

ባለሱቁ ሳይቀር ሳቀ። ሽማግሌው ግን ከዕጣው በፊት፣ «በሽተኛ ዕጣ ውስጥ አይገባም» አሉና እኔንና ሲያስለው የሚያድር አንድ የሚኤሶ ከብት አርቢ መስኮቱ ሥር አደረጉን። እፎይ አልኩ። እንባዬ ስለመጣ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

የቀረው ሰው የየራሱን ምልክት ሰጠ፤ አንዱ የልብስ ቁልፍ፣ አንዱ ክር፣ አንዱ የክብሪት እንጨት። በቅርጫ ደንብ ዕጣ የሚጥለው ምልክቱ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ነውና በር ላይ የቆመውን ፖሊስ ለመንነው። ፈገግ እያለ ገብቶ በየመኝታው ላይ ጣለልን።

ባልዲው አጠገብ የወደቀው የሽማግሌው ቁልፍ ነበር። ወጣቶቹ ካልቀየርንዎት ብለው በኦሮምኛ ተንጫጩ። ሽማግሌው ለሁላችንም እንዲሰማ በአማርኛ መለሱ።

«ተዉ። እኔ ዛሬ ከቀየርኩ ነገ ዕጣውን ማን ያምነዋል?»

ጋቢያቸውን አራግፈው እዚያው አነጠፉ። «አለቀልን» ያለው ባለሱቅ ተራው ሳይሆን ተነሳና ባልዲውን ሊያጥብ ይዞ ወጣ።

ከተፈታሁ ወዲህም ጭሮ ነው የማስተምረው። ሹም በተቀየረ ቁጥር ሻይ ቤቱ «የማን ወገን ነው?» እያለ ይጨነቃል። እኔም አልዋሽም፣ እጨነቃለሁ። የኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ሰውዬው የሚተኛው የት ነው?