ሳልነቃ የሰጠሁት ማርክ

አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። በኮቪድ ጊዜ እዚሁ ቬጋስ የሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ተደረግሁ። ጠያቂ አይገባም፤ ማደንዘዣ የሰጠኝ ሐኪም ነው እጄን ይዞ ያስተኛኝ።

ገና ዓይኔን ስገልጥ፣ ስሜን እንኳን በቅጡ ሳላስታውስ፣ ነርሷ መጠይቅ የተከፈተበት ታብሌት ደቀነችብኝ። "ያስተኛህን ዶክተር ከአንድ እስከ አምስት ስንት ትሰጠዋለህ?"

ሰው መጀመሪያ ይንቃ እንጂ! በዚያ ድንዛዜ የታየኝ የልጅነት የትምህርት ቤት ካርዴ ነው። አንደኛ ከወጣህ ትሸለማለህ፤ አምስተኛ ከወጣህ አባትህ "አራቱ ምን በልተው በለጡህ?" ይልሃል። ለዚያ ደግ ሰውዬ ከላይ እስከ ታች አንድ፣ አንድ፣ አንድ ሞላሁለት።

በሁለተኛው ሳምንት መኪናዬን ፓርክ አድርጌ የሥራ ሺፍቴን ልገባ ስል ከሆስፒታሉ ተደወለ። "ስላልረኩ ይቅርታ እንጠይቃለን። ሐኪሙ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል" አለችኝ ሴትየዋ።

"አንደኛ ነው ማለቴ ነው! ሳልነቃ ማን ጠይቁኝ አላችሁ?" ብዬ ጮህኩ።

"እኛ ጋ አንድ ማለት በጣም መጥፎ ነው። የሞሉት ሰርቬይ ደግሞ አንዴ ከገባ አይቀየርም" አለች፤ ድምጿ እንኳን አልተለወጠም። "ከመዝጋታችን በፊት፣ የዛሬውን የስልክ አገልግሎት ከአንድ እስከ አምስት ስንት ይሰጡታል?"

"አንድ!" አልኳት። ይሄኛውን ግን ነቅቼ ነው።