ከጥሩነሽ ጋር በአንድ ሻርፕ ታስረን

ልጅ እያለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ አዘዞ ያለው የትምህርት ቤታችን ሜዳ ለሁለት የተከፈለ ነበር። መስመር ያሰመረበት ሰው የለም፤ እኛ ልጆቹ ግን እናውቀው ነበር። አባቶቻቸው የቀበሌ ጥበቃ የሆኑት በባሕር ዛፉ በኩል፣ አባት ወይም ወንድም የታሰረብን ደግሞ በቧንቧው በኩል እንቆማለን። የእረፍት ደወል ሲደወል ድንጋይ መወራወር ነው።

ታላቅ ወንድሜን አበበን ከቤት የወሰደው የጥሩነሽ አባት ነበር። ጥሩነሽ ደግሞ ሰኞ ማክሰኞ አብራኝ ስትጫወት ያደገች ጓደኛዬ ናት። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት በድንጋይ ግንባሯን ፈነከትኋት። ደሟ በዩኒፎርሟ ላይ ሲወርድ እያየሁ ምንም አላዘንሁም። እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ ያ ነው።

የስፖርት አስተማሪያችን ጋሼ ደምሴ ረጅም፣ ንግግሩም እርምጃውም ቀስ ያለ የድብ ባሕር አገር ሰው ነበሩ። በማግስቱ ሲጠሩኝ አለንጋ ነው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እሳቸው ግን የአንገት ሻርፓቸውን ፈትተው የእኔን ቀኝ እግር ከጥሩነሽ ግራ እግር ጋር አሰሩትና አንድ ባልዲ ሰጡን። የቀረውንም ክፍል አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ እያደረጉ በገመድም በመቀነትም አጣመሩት። ከቧንቧው ውኃ እየቀዳን ከባሕር ዛፉ ሥር ያለውን በርሜል እንድንሞላ ነገሩን። ከደወሉ በፊት ከሞላ ሁላችንም ኳስ እንጫወታለን፤ ካልሞላ ማንም አይጫወትም።

በመጀመሪያው ቀን እኔም ስጎትት፣ እሷም ስትጎትት ተያይዘን ወደቅን። በርሜሉ እንኳን ሊሞላ፣ ግማሽም አልደረሰ። በሦስተኛው ቀን ጥሩነሽ የታሰረውን እግር አስቀድመን እንድናነሳ ነገረችኝና መቁጠር ጀመረች። «አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት።» ሄድን! ያዩን ሁሉ አብረዋት ቆጠሩ። ውኃ የነካው አቧራ ሽታው አሁንም በአፍንጫዬ አለ። በርሜሉ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ጥሩነሽ ፊቷን ሳታዞር፦

«አባቴ ወንድምሽን የወሰደው ቀን እራት አልበላሁም» አለችኝ።

«ግንባርሽን ያምሻል?» አልኋት።

«ድኗል።»

ያን ቀን ኳሱን ማን ከማን ጋር እንደተጫወተ የለየ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ጨርሶ አልተጣላንም አልልም፤ በዚያ ግቢ ግን ድንጋይ ያነሳ ልጅ አላየሁም።

ከዓመት በኋላ አበበ ከስቶ ተፈታ። ጎረቤቱ ሁሉ ቤታችንን ሲሞላው ጥሩነሽ መጥታ ከአጥሩ ውጭ ቆመች። እናቴ አየቻት፤ የማን ልጅ እንደሆነች ታውቃለች። እናቴ ብዙ ካየቻት በኋላ፦

«ምነው ውጭ ቆምሽ? ግቢ እንጂ ልጄ» አለቻት።

ያ ሜዳ አሁን የመማሪያ ክፍሎች ተሠርተውበታል። ጥሩነሽ ኮላ ድባ ከተማ እህል ትነግዳለች፤ በደስታም በኀዘንም አንዳችን ከሌላችን ቤት አንቀርም። ያኔ ትልልቆቹ ስለ አንድነት በየስብሰባው ሲጨቃጨቁ፣ እኛ እየወደቅን እየተነሳን ተማርነው። ዛሬም ልጆች የቤታቸውን ቂም ይዘው ትምህርት ቤት ሲመጡ ሰው ይህ ትውልድ አለቀለት ሲል እሰማለሁ። እኔ ግን አላምንም። እኔም እንደነሱ ነበርሁ፤ የተረፍሁት አንድ ሰው ታግሦ አብረን እንድንጫወት ስላደረገን ነው።