ለይቅርታ የከበደ ድንጋይ

በሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ሁዳዴ ሊፈታ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ አስተማሪው ኃይለ ጊዮርጊስ ከጠዳ ወደ አዘዞ በእግሩ ሲሄድ ከመንገዱ ዳር አንድ ሽማግሌ አገኘ። ሽማግሌው የወፍጮ ድንጋይ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ አቅፎ ይታገላል።

«ልጄ፣ ማርያም ታኑርህ፣ አሸክመኝ» አለው።

«ምነው አያ፣ ይህን ያህል? ለቤት መሠረት ነው?»

«ለይቅርታ ነው።»

በደለኛ ድንጋይ በጫንቃው አድርጎ ከተበዳይ ደጅ እንደሚቆም፣ ተበዳዩም «አውርድ» ካለው እርቁ እንዳለቀ የማያውቅ የአገሩ ሰው የለም። ተጋግዘው ድንጋዩን ከሽማግሌው ማጅራት ላይ አሳረፉት። አስተማሪው ጨዋታ የሚወድ ሰው ነበርና አብሮት አዘገመ።

ወሬው ባረፉበት ሁሉ እየተቆራረጠ መጣ። ሽማግሌው ዋኘው ይባላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የነጋዴ በቅሎ ጫኝ ነበር፤ እሱ ያሰረው ጭነት እንፍራንዝ እስኪደርስ አይላላም ይባልለታል። ጫኞች ልማድ አላቸው፤ አንድ ሰው ብቻውን አንሥቶ ትከሻው ላይ ማውጣት ያቃተውን ስልቻ በቅሎ ላይ አይጭኑም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ግን መንገዱን ማኪና ያዘው። ነጋዴው «ማኪና ባንዴ የሚወስደውን አንተ ሦስት ቀን ታመላልሳለህ» እያለ ያሽሟጥጠው ጀመር። ዋኘውን እልህ ያዘው። አንድ ቀን የኑግ ስልቻዎቹን ከሌላ ጫኝ ጋር ለሁለት እያነሳ፣ ወለተሩፋኤል ከምትባል ባልቴት በተከራያት በቅሎ ላይ ጫናቸው።

«ስትነሳ ቻለችው፤ እኔም ደስ አለኝ» አለ ዋኘው። «ከአዘዞ ሽቅብ ስትወጣ ወገቧ ተሰበረ።»

ባልቴቷ ሌላ በቅሎ አልነበራትም። ይኸው አራት ዓመት ሆነ፣ ውኃውም እንጨቱም በገዛ ጀርባዋ ነው።

«የነፍስ አባቴ ‹ሳትታረቅ አላቆርብህም› አሉኝ። ሰባ ዘለቅሁ እኮ ልጄ። ሳልቆርብ ብሞትስ?»

ሲደርሱ ወለተሩፋኤል ከደጇ ጌሾ ታሰጣለች። ዋኘው ከፊቷ ቆመ። ላቡ ከጺሙ ይንጠባጠባል። ሴትዮዋ ድንጋዩን አየችው፤ ቀጥላ አስተማሪውን።

«ማን አሸከመው?»

«እኔ ነኝ እናቴ፤ ተጋግዘን ነው።»

«ዛሬም ለሁለት?» አለች።

ዋኘው ራሱን ቀና ማድረግ አልቻለም። «ይቅር በይኝ፣ እመት ወለተሩፋኤል። ስለ ማርያም።»

«እንዲህ ሆነህ ቆመህ እምቢ ብልህ አገር ምን ይለኛል? ሽማግሌ ገደለች ነው የሚለኝ። በቅሎዬን ጨርሰህ አሁን ደግሞ እኔን ልትጭን መጣህ። አውርደው።»

አስተማሪው አወረደለት። ዋኘው የታረቀ መስሎት ጉልበቷን ሊስም ሲጎነበስ በእጇ ከለከለችው።

«አውርደው ያልሁህ ደጄ ላይ እንዳትሞትብኝ ነው። ይቅርታውን ገና አላሰብሁትም። የፊታችን እሑድ ባዶ ትከሻህን ና። ያች በቅሎ ለእኔ ምን እንደነበረች እነግርሃለሁ፤ ቁጭ ብለህ ትሰማለህ። ከዚያ በኋላ እሺ ማለቱም እምቢ ማለቱም የእኔ ይሁን።»

ይህን ብላ ወደ ጌሾዋ ዞረች።

መንገዱ ከሚለያቸው ቦታ ደረሱ። ዋኘው በጋቢው ጫፍ ማጅራቱን ይጠርጋል፤ ቆዳው ተልጧል።

«እሑድ ይመጣሉ፣ አያ?» አለ ኃይለ ጊዮርጊስ።

«እመጣለሁ። ድንጋዩን ተሸክሜ ስመጣ መቼም ጨክና አትመልሰኝም ብዬ ልቤ ሙሉ ነበር። ባዶዬን መምጣቱ ግን፣ እውነቱን ልንገርህ ልጄ፣ አስፈራኝ።»