ዘመድ የሌለው ሰው ስንፈልግ

ባለፈው ሳምንት በከተማችን አዳራሽ ለስብሰባ ተጠርቼ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ "የኅብረተሰብ ተወካይ" እየተባልሁ የምጠራበት ስብሰባ በዝቷል። ሻይ በዳቦ ስላለ እኔም አልቀርም። የዕለቱ ጉዳይ የከተማ አስተዳደሩን የሰው ሀብት ክፍል ማን ይምራው የሚል ነበር። ቦታው ላይ የነበረው ሰውዬ ተነሥቷል። ለምን እንደ ተነሣ ሁሉም ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን የለም። እኔ ዘንድ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ጠዋት ከቤት ስወጣ "አክስቴ፣ ደኅና ሰው ምረጡልን" ብላኝ ነበር። ከተመረቀች ወዲህ ሥራ ፍለጋ ያልረገጠችው ደጅ የለም።

ስብሰባው ሞቅ እንዳለ ከኋላ ወንበር አንድ ጎልማሳ ተነሣ። "እኛ ዲግሪም ማስተርስም አልጠየቅንም" አለ። "በዚህ ከተማ ዘመድ የሌለው ሰው ይሾምልን፤ በቃ!"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ የገብስ ቆሎ ዘግነው ሰጥተውኝ ነበር፤ እጄ ላይ እንዳለ ቀረ። ይህንኑ ቃል በዚሁ አዳራሽ፣ ወጣት ሳለሁ ሰምቼዋለሁ። ያን ጊዜም ተጨብጭቦ ነበር።

የከተማዋን ስም አልጠራም። ሰዎቹ ቢያልፉም ልጆቻቸው አሉ። ከዳባት ወደ ደባርቅ ሲሄዱ መንገዱን ይዛ የተኮለኮለች፣ ክረምት ከበጋ ብርድ የማያጣት ከተማ ናት ካልሁ ይበቃል። ያኔ "የሰው ሀብት" የሚባለው ቃል አልመጣም፤ "ፐርሶኔል" ነበር የምንለው። እኔ የከንቲባው ታይፒስት ነበርሁ፤ ስብሰባ ሲኖር ደግሞ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። የፐርሶኔሉ ኃላፊ መሥሪያ ቤቱን በወንድምና በእህት ልጆች ስለሞላው፣ "እዚህ አንድ ሰው ቢሞት ቢሮው በሙሉ ሐዘን ይቀመጣል" እያልን እንቀልድ ነበር።

በመጨረሻ ሰውዬው ተነሣና ማን ይተካው ተብሎ ሕዝብ ተሰበሰበ። ይሄኔ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ባየ ተነሡ። ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሲናገሩም ማንም የማያቋርጣቸው ሰው ነበሩ።

"ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ነው ልጆቼ" አሉ። "እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው ምን ቅን ቢሆን፣ እናቱ ስታለቅስበት ምን ያደርጋል? እኔ ራሴ ብሆን አልችለውም። ዘመድ የሌለው ሰው አምጡልን።"

ደርበው የመጣው እንዲህ ተፈልጎ ነው። አገሩ ሸዋ፣ መርሐቤቴ በኩል ነበር። አንድ አልጋ፣ አንድ ሳጥንና ሚስቱን ጥሩወርቅን በአይሱዙ ጭኖ ጥቅምት ላይ ገባ። ጥሩወርቅ ሳቂታ ነበረች። የእኛን ብርድ ስላልለመደችው ጋቢ በጋቢ ላይ ደርባ፣ አፍንጫዋ ብቻ ይታይ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ደርበው ሠራተኛውን ሰበሰበ። "ዘመድ የሌለው ሰው ፈልጋችሁ ነው ያመጣችሁኝ" አለን። "ስለዚህ አትጥሩኝ፤ እኔም አልጠራችሁም። ክርስትና አንሣልን አትበሉኝ፤ ሚዜ ሁን አትበሉኝ፤ ማኅበር ግባ አትበሉኝ።" የቀለደ መስሎን ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

ቃሉንም ጠበቀ። ጥር ላይ ከተማዋ በሠርግ ስትታመስ በየደጁ ቆሞ "እንኳን ደስ ያላችሁ" ይልና ጠላ ሳይቀምስ ይመለሳል። "ባዳው" የሚል ስም ወጣለት። ከሁሉ የባሰው ግን እድር አልገባም ማለቱ ነው። እድርተኛው ሁሉ ወይ ሠራተኛ ነው ወይ የሠራተኛ አባት፤ እንዴት ከእነሱ ጋር እቆራኛለሁ ብሎ ነው። እኛ ዘንድ እድር አልገባም ማለት እኔ አልሞትም እንደ ማለት ነው። ጋሽ ባየ ቢሮው ድረስ ሄደው "ተው ልጄ፣ ሞት ባዳ አይልም" ብለው መከሩት። "እናንተው ያላችሁኝን ነው የማደርገው" ብሎ መለሳቸው።

እውነቱን ለመናገር፣ መሥሪያ ቤታችን እንደዚያ ዓመት ያለ ዘመን አላየም። ዕድገት ለሚገባው ደረሰ። ሰነፉ ተገሠጸ። አጎቱን ተማምኖ ፀሐይ ሲሞቅ የሚውለው ሁሉ በሰዓቱ ይገባ ጀመር። በዚህ ከሁላችን በላይ ደስ ያላት የመዝገብ ቤቷ ኑሪያ ነበረች።

ኑሪያ ጓደኛዬ ናት። ባሏ እህል ሊነግድ ወደ ሑመራ ወርዶ በወጣበት ስለቀረ ሁለት ልጆች ይዛ እናቷ ቤት ትኖር ነበር። ትንሹ ገና ጡት አልጣለም። ለዓመታት የሠራችው በጊዜያዊነት ነው። ጊዜያዊ ሠራተኛ ማለት ሰኔ በመጣ ቁጥር፣ በጀት ሲዘጋ፣ ልቡ የሚመታ ሰው ማለት ነው። ቋሚ ለመሆን በተወዳደረች ጊዜ ሁሉ የአንዱ የእህት ልጅ ይቀድማታል። "ዘንድሮስ ሰው መጥቶልናል" ትለኝ ነበር፣ በሶዋን እየበጠበጠች። "ቋሚ ብሆን ልጆቼን እዚሁ አሳድጋለሁ። ካልሆነ መተማ ወንድሜ ዘንድ መሄዴ ነው። ቆላው ደግሞ ለሕፃን አይሆንም፤ ወባው ይገድልብኛል።"

ሐምሌ ላይ ጥሩወርቅን ምጥ ያዛት። ጉሙ ከስሜን ተራሮች ወርዶ ቀትሩን እንደ ምሽት አጨልሞት ነበር። ጤና ጣቢያው ልጁን አዋለዳት፤ ደሟን ማቆም ግን አልቻለም። ጎንደር ውሰዷት ተባለና የጭነት መኪና ተለምኖ ተጫነች። መንገዱ ጭቃ ነው። ዳባትን ሳታልፍ ሞተች።

ደርበው አስከሬኑን ይዞ ተመልሶ ቤቱ ደጅ ላይ ቆመ። ማንን እንደሚጠራ አያውቅም ነበር። ከመጣ ጀምሮ ማንንም እንዳይጠራ ሆኖ የኖረ ሰው ነው። እንዲያ ቆሞ ሳለ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ያስነፉት ጋሽ ባየ ናቸው። አንዱ "እሱ እኮ እድርተኛ አይደለም" ቢላቸው፣ "እሱ አይሁን፤ እኛስ እድርተኞች አይደለንም?" አሉት።

ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ዝናቡ እየዘነበ ድንኳን ተተከለ፤ መቃብር ተቆፈረ፤ ንፍሮ ተቀቀለ። የገሠጻቸው ሰነፎች ሳይቀሩ ቃሬዛውን ተሸከሙ። ከቀብር መልስ ጋሽ ባየ ንፍሮ ዘግነው በእጃቸው አጎረሱት። ከዚህች ከተማ ሰው እጅ የቀመሰው የመጀመሪያ እህል እሱ ነበር። እስካሁን ድረስ የንፍሮ ሽታ ያን ቀን ያመጣብኛል።

ሕፃኑ ጓዳ ውስጥ ያለቅሳል። የላም ወተት በጥጥ ቢያንጠባጥቡለት አልቀበል አለ። ድምፁ እየሰለለ ሄደ። ኑሪያ ከድንኳኑ ጀርባ ውሃ ስታመላልስ ነበር። እንስራዋን አስቀምጣ ገባች፣ ልጁን ከሴቶቹ እጅ ተቀበለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አጠባችው። አንዲት ሴትዮ "ገና ክርስትና ያልተነሣ ልጅ…" ብለው ማጉረምረም ሲጀምሩ ጋሽ ባየ ከበሩ ላይ "ጡት ሃይማኖት የለውም፤ ተዉአት!" አሉ።

ልጁ በዚያው እሷ ቤት ሰነበተ። አንዱን ጡት ለራሷ ልጅ፣ አንዱን ለደርበው ልጅ እየሰጠች ክረምቱን አወጣችው። ጉንጮቿ ገቡ። ቢሮ ውስጥ ሁልጊዜ ይርባት ስለነበር ከምሳዬ አካፍላታለሁ። ደርበው ከሥራ ሲወጣ እናቷ ደጅ ላይ ይመጣና ይቆማል፤ ልጁን ታወጣለታለች፤ አቅፎት ትንሽ ቆይቶ ይመልስላታል። ከደጁ አልፎ ገብቶ አያውቅም።

መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈነዳ የመዝገብ ቤቱ ቦታ በቋሚነት እንዲያዝ በጀት ተፈቀደ። ማስታወቂያ ወጣ፤ ፈተና ተሰጠ። ኑሪያ አንደኛ ወጣች። ሁለተኛዋ ማስታወቂያውን አይታ ከጎንደር የመጣች፣ ማንም የማያውቃት ልጅ ነበረች። ኑሪያ ውጤቱን ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። የቀረው የቅጥር ኮሚቴው ማጽደቅ ብቻ ነበር።

ኮሚቴው ሲቀመጥ ከንቲባው፣ በሕዝብ ተወካይነት ጋሽ ባየ፣ ሌሎች ሁለት ሰዎችና ደርበው ነበሩ። እኔ ጥግ ላይ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ደርበው ከመቀመጫው ተነሣ።

"ኑሪያ ልጄን አጥብታለች" አለ። "በጡት የልጄ እናት ናት። እኔና እሷ ዘመድ ሆነናል። እኔ ዘመዴን አልቀጥርም።"

"አንደኛ የወጣችው እኮ እሷ ናት" አሉ ከንቲባው።

"አውቃለሁ። ነገ ግን ባዳውም እንደ ፊተኛው ሆነ ቢባል፣ አንደኛ ወጥታ ነው ብል ማን ያምነኛል?"

"እንግዲያው አንተ ውጣና እኛ እንወስን።"

"ወሰናችሁ አይባልም፤ ለእሱ ብለው አደረጉለት ነው የሚባለው።"

ጋሽ ባየ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። "ልጄ" አሉ፣ "እኛ ዘመድ የሌለው ስንል እንዲህ ማለታችን አልነበረም።"

"ታዲያ ምን ማለታችሁ ነበር ጋሽ ባየ?"

በቁጣ አልነበረም የጠየቀው። የእውነት እንዲነግሩት ፈልጎ ነበር፤ ዓይኑ ቀልቶ ይለምናቸው ነበር ማለት እችላለሁ። ጋሽ ባየ ተመልሰው ተቀመጡ። ከንቲባውም ወሬ ፈሩ። እጅ ይውጣ ተባለና አንድ በአንድ፣ እየከበዳቸው፣ ለጎንደሯ ልጅ አወጡ። የጋሽ ባየ እጅ መጨረሻ ላይ ወጣ። ልጅቷ ምንም አላወቀች፤ እሷን አልወቅሳትም።

ቦታው በቋሚ ሲያዝ የኑሪያ ጊዜያዊነት አበቃ። ላጽናናት ብዬ በዚያው ቀን ወደ ማታ እናቷ ቤት ሄድሁ። መደብ ላይ ተቀምጣ የደርበውን ልጅ ታጠባለች።

"ዛሬም ታጠቢዋለሽ?" አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። "ታዲያ ልጁ ምን አጠፋ?" አለች።

ወጥቼ ስሄድ ደርበውን ደጁ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ልጁን አምጪ ብሎ ለመጣራት ድፍረት አጥቶ የአጥሩን እንጨት ይዞ ነበር።

ልጁ እህል እስኪለምድ ድረስ አሳደገችው። ከዚያ ደርበው ዝውውር ጠየቀና ተፈቀደለት። መኪናው ድረስ ልጁን በጀርባዋ አዝላ ያመጣችው እሷ ናት። ፈትታ ስትሰጠው ልጁ አንገቷን አልለቅም ብሎ ጮኸ፤ እናት ብሎ የሚያውቀው እሷን ብቻ ነው። ደርበው በመስኮቱ ወደ እኔ ዞሮ "ልክ ነበርሁ፤ አይደለም?" አለኝ። ይሄኔ የመኪናው ረዳት በሩን ዘጋ። የልጁ ለቅሶ እስከ መታጠፊያው ድረስ ይሰማ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ኑሪያ ልጆቿን ይዛ መተማ ወረደች። በመጀመሪያው ክረምት ትንሹን ልጅ ወባ እንደ ወሰደው ከነጋዴዎች ሰማን። ጋሽ ባየ ከዚያ ወዲያ በስብሰባ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ጭብጨባው ሲበርድ እጄን አወጣሁ። ይህን ሁሉ ማውራት አይቻል፤ "ልጆቼ፣ ዘመድ የሌለው ሰው የለም" ብቻ አልሁ። "ገና ሐዘን ያልደረሰበት ሰው ነው ያለው። ዘመድም ይኑረው፣ ለሚገባው የሚሰጥ ሰው ፈልጉ።" ሰብሳቢው "እናታችን፣ ዕድሜ ይስጥልን" አለና ወደ ሌላው ተናጋሪ አለፈ። በመጨረሻ ከደብረ ታቦር የመጣች ሴት ተመረጠች። ዘመድ የላትም ተብሎ ተጨበጨበላት።

ስወጣ የተመረጠችው ሴት ደረጃው ላይ ደረሰችብኝ። ልጅ አዝላለች። ክንዴን ደግፋ አወረደችኝና "እናቴ፣ በዚህ አካባቢ የሚከራይ ቤት ያውቁ ይሆን? ለዚህ ልጅ ብርዱ ከበደብኝ" አለችኝ።

ልጄ ጎንደር ከገባ ወዲህ አንድ ክፍሌ ባዶውን ነው። ፀሐይ የሚገባበት፣ ለሕፃን የሚሆን ክፍል ነው። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ የእህቴ ልጅ ትዝ አለችኝ። ነገ ማስታወቂያ ወጥቶ አንደኛ ብትወጣ፣ ይህች ሴት እኔ ቤት ተከራይታ ብትገኝ…

"አላውቅም ልጄ" አልኋት።

አመስግናኝ ሄደች። ዝናቡ ሲጀምር የልጁን ራስ በነጠላዋ ስትሸፍን አየኋት። እኔም ጃንጥላዬን ዘርግቼ፣ በሌላኛው መንገድ፣ ወደ ቤቴ አቀናሁ።